አሥራ አንድ ሎሚ

ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁንም የሒልተንን ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይሄዳል። የምፈልገው ሎሚ ነው። አንድ ሎሚ።

ለሰው ሲነገር ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። «ሳይክል ስነዳ ወደቅኩ፣ ደህና ነኝ።» እናቴ የሰማችው ይህን ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ የተጠቀለለ እጄን አይተው «ምን ነካህ?» ሲሉኝ «ወደቅኩ» ብዬ አልፌያለሁ። ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አልጨመረም። የወደቀ ሰው ምን ይጠየቃል? እኔን የሚከነክነኝ ግን መውደቄ አይደለም። ከመውደቄ ትንሽ ቀደም ብሎ ከአፌ የወጣው ነገር ነው።

እሱን ከመናገሬ በፊት ጣናን ላስተዋውቃችሁ።

ጣና

ጣና የጓደኛዬ እውነተኛ ስም አይደለም። ባህር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። የትኛውንም ወሬ ብትጀምርለት ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ዳር ያደርስሃል። ስለ ዓሣ ስታወራው ጣና ይልሃል፤ እሺ፣ ይሁን። ስለ ሙቀት ስታወራውም ጣና። ስለ ቤት ኪራይ ስታማርርለት ሳይቀር ጣና። ስለዚህ ስሙ ጣና ሆኖ ቀረ። አሁን የቢሮ ጥበቃው እንኳ «ጣና ወጥቷል?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።

ባህር ዳር ሜዳ ናት። እዚያ ሳይክል ስፖርት አይባልም፤ እግር ማለት ነው። ተማሪው ይነዳል፣ አስተማሪው ይነዳል፣ ሽንኩርት ልትገዛ የወጣችው ልጅ ትነዳለች። ከኋላ ጓደኛ ይጫናል፣ መሪው ላይ ፌስታል ይንጠለጠላል። ጣና አዲስ አበባ ሲመጣም ሳይክሉን አውቶብስ ላይ ጭኖ ነው የመጣው። አንድ ሳምንት ሞከረ። ከዚያ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር በሰንሰለት አስሮ ተወው። «ከተማችሁ ዳገት ብቻ ናት» አለ።

እውነቱን ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ባህር ዳር 1,800 ገደማ ናት። የመሃሉን ልዩነት ሳንባ ያውቀዋል። ዳገቱን ብትችለው ሚኒባስ አለ። ሚኒባሱን ብታመልጥ ሃይገር አለ። በዚያ ላይ በየመቶ ሜትሩ አንድ ክዳን የሌለው ጉድጓድ።

እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆነን ሳይክል በዙር የሚከራይ ነገር ነበር። አከራዩ ጥላ ሥር ቁጭ ይላል፣ እኛ ሰፈሩን አንዴ ዞረን እንመልሳለን። ዙሩን ለማስረዘም የምንሠራው ተንኮል ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። ካደግኩ በኋላ እንደገና ሳይክል ላይ የወጣሁት በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ላይ ነው። ዋና ዋና መንገዶች እሑድ ጠዋት ለመኪና ሲዘጉ፣ እኔ በተከራየሁት ሳይክል መስቀል አደባባይ መሃል እየተንገዳገድኩ ስዞር ትዝ ይለኛል። ሰኞ ጠዋት መንገዱ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ። እኔም ወደ ታክሲ ሰልፌ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ መጣ። ፒያሳ ምን እንደሆነች ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ስለዚያ ያለኝ ስሜት አንድ ወጥ አይደለም። አንዳንድ ቀን የተወለድኩበትን ጥግ በዓይኔ ስፈልግ ሆዴ ይባባል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ማታ መብራቱ በርቶ፣ ልጆች በሰፊው የእግረኛ መንገድ ሲሯሯጡ አይቼ ፈገግ ስል ራሴን እይዘዋለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ብቻ ከእግረኛው መንገድ ጎን የሳይክል ሥዕል የተሳለበት መንገድ ተዘረጋ። ጣናም ሰንሰለቱን ፈታ።

«አንተም ግዛ» አለኝ። ከሰው እጅ አንድ ያገለገለ ገዛሁ። ማርሹ ከሰባቱ አራቱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ለእኔ ይበቃል። ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ የእኛ ሆነ፤ ከአራት ኪሎ ተነሥተን መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ቸርችልን ሽቅብ፣ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ።

ሹመት ያዳብር

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ለሁሉም ይቅርታ እጠይቅ ነበር። ሰው ፊቴ ካለ እወርዳለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መውረድ አቆምኩ፤ ቀስ ብዬ አጠገባቸው አልፋለሁ። በሦስተኛው ደወል መምታት ጀመርኩ። በአምስተኛው መርካቶ ሄጄ ትልቁን ደወል ገዛሁ፤ የትምህርት ቤት የእረፍት ደወል የሚመስለውን። ጣና አይቶት «ሹመት ያዳብር» አለኝ። ሳቅኩኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ማታ ማታ የሳይክሉ መንገድ ላይ ምን እንዳለ የሄደበት ያውቀዋል። ፎቶ የሚነሡ ጥንዶች አሉ። የሚያነሣቸው ልጅ ደግሞ «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ኋላ» እያለ በጀርባው መንገዱ ላይ ይገባል። ገና መንዳት የሚማሩ ሕፃናት አሉ፤ አባት ከኋላ ይሮጣል። ቆሎ የምትሸጥ አለች። ለሦስት ተያይዘው በሙሉ ስፋቱ የሚሄዱ የሴት ጓደኛሞች አሉ። ሁሉም ደስ ብሎት የወጣ ሰው ነው። እኔ ግን ደወሌን ይዤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አያቸው ጀመር። እዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ጥፋተኛ እየቆጠርኩ ነው የምነዳው።

ይህንን ያኔ አላስተዋልኩትም። ያስተዋልኩት ከወደቅኩ በኋላ ነው።

ቁልቁለቱ

ጥቅምት ነው። ዝናቡ ወጥቷል፣ ብርዱ ገብቷል። ሚያዝያ 27 አደባባይ ላይ ስንገናኝ 11 ሰዓት ተኩል አልፏል። ጣና ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ ገና ከመነሣታችን ስለ ራት ያወራል። በዚህ ወር ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ላይ ጥልቅ ትላለች። ምሽቱ አይለማመጥህም፤ አሁን ብርሃን ነው፣ አሁን ጨለማ ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ፓርላማውን፣ ከዚያ የታላቁን ቤተ መንግሥት አጥር ካለፍክ በኋላ ፔዳል መምታት አያስፈልግህም። መንገዱ ራሱ ይወስድሃል። የኋላ ጎማው ትር ትር ትር ይላል፣ ንፋሱ ዓይንህን ያስለቅሳል፣ የጥድ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ የናፍጣ ሽታ፣ ከዚያ እንደገና ጥድ። የመንገዱ መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ። ጣና ከኋላዬ ነው፣ እሱ ቁልቁለት ላይ አይቸኩልም። እኔ ቸኩያለሁ። ለምን እንደምቸኩል ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።

ወደ ሒልተን ሲቃረብ ፊቴ እማማ ታዩኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይወርዳሉ። ነጭ ነጠላ፣ በቀኝ እጃቸው ጥቁር ፌስታል፣ በግራቸው የታጠፈ ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ። እግረኛው መንገድ ላይ የሆነ የፎቶ ግርግር አለ፤ እሳቸው ግርግሩን ሸሽተው የሳይክሉ ሥዕል ላይ ናቸው። ትክክል ሥዕሉ ላይ።

አቃጨልኩ። አልሰሙም። ደግሜ አቃጨልኩ። ሦስተኛውን ስመታ ቅርብ ነበርኩ። ከዚያ ጮህኩ።

«እማማ! ይሄኮ የሳይክል መንገድ ነው!»

ደነገጡ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ አሉ። እኔም ወደ ቀኝ ነበር የያዝኩት። ወደ ግራ ተመለሱ፣ እኔም ተመለስኩ። እንደዚህ ሰው ከሰው ጋር በር ላይ ሲገጣጠም የሚሆነው ነገር ነው፤ ልዩነቱ እኔ ቁልቁለት ላይ መሆኔ ነው። የፊቱን ፍሬን በሙሉ ኃይሌ ያዝኩ። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ብቻ አጥብቀህ ከያዝክ ክብደትህ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማው ይነሣል፣ አንተም በመሪው ላይ ትሻገራለህ። ይህን ጣና በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር። ተሻገርኩ።

እሳቸውን አልነካኋቸውም። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ጃንጥላቸው ወደቀ፣ ፌስታሉ አምልጦ ተቀደደ።

ሎሚ ነበር።

የአገራችን ሎሚ ትንሽና ድቡልቡል ናት፤ ለመንከባለል የተፈጠረች። በሆዴ ተኝቼ ነው ያየኋት። አንዷ በአፍንጫዬ ፊት ዝግ ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ፈጠነች። ሌሎቹ ተከተሏት። መብራቱ ይበራባቸዋል፣ ይጠፋባቸዋል። የሳይክሉን መንገድ ሳይለቁ፣ ተሰልፈው ማለት ይቻላል፣ ወደ መስቀል አደባባይ ይወርዳሉ። እኔ እጄ እየነደደ፣ «እነዚህ እንኳ መስመራቸውን ያውቃሉ» የሚል የማይረባ ሐሳብ ነበር በጭንቅላቴ የመጣው።

«ልጄን! ልጄን! ተጎዳህ ወይ?»

እማማ ናቸው። ጃንጥላቸውን ሳያነሡ፣ ሎሚያቸውን ሳያዩ፣ እኔ ላይ ጎንበስ ብለው እጄን ይዘዋል። «የት ጋ ነው? እስቲ አሳየኝ። ጣቶችህን አንቀሳቅስ።» አንቀሳቀስኩ። «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ያን የማልረሳውን ተናገሩ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። የሳይክል መሆኑን አላወቅኩም። እኔ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምሄደው።»

ይቅርታ ጠየቁኝ። የእናቴ እናት የሚሆኑ ሴትዮ፣ በእግራቸው ስለሄዱ፣ መሬት ላይ የተዘረርኩትን እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። «ምንም አይደል» ብዬ ከሆነ አፍራለሁ። ይቅር ባይ መሆኔ ነው እንግዲህ።

ሃምሳ ሎሚ

ቀና ስል ጣና የለም። ሳይክሉ ብቻ አጥሩ ላይ ተደግፏል። ወደ ታች ሳይ እየሮጠ ሎሚ ይለቅማል። እሱ ብቻም አልነበረም። ፎቶ ይነሡ ከነበሩት አንዱ ልጅ ሁለት ይዞ መጣ። ሊስትሮው ሣጥኑን አስቀምጦ አንዷን ከመኪናው መንገድ ጠርዝ አወጣት፤ ላዳ ሊዳምጣት ነበር። አንዲት ልጅ ተረከዟ ረጅም ስለሆነ መሮጥ አቅቷት በእግሯ አግታ ያቆመቻትን እያሳየች «እዚህ ናት! እዚህ ናት!» ትላለች። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አነሣ። ሁሉም አንድ አንድ ይዞ እየመጣ በእማማ ነጠላ ላይ ያኖራል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ስንል የኖርነው እንዲህ ቃል በቃል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን ተረት ስሰማ ሎሚ በፌስታል ስለሚገዛበት ዘመን አልነበረም የማስበው። አሁን ደግሞ የሎሚን ዋጋ ስለምታውቁት አንድ አንድ ሎሚ ተሸክሞ መምጣት ራሱ ጌጥ ነው።

እማማ ቆጠሩ። አሥራ አንድ።

«አሥራ ሁለት ነበር የገዛሁት» አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ሒሳብ ነበር። ለልጅ ልጃቸው ጉንፋን ነው። ጣና ተመልሶ እስከ ታች ወርዶ ፈለገ። የስልኩን መብራት አብርቶ የውኃ መውረጃውን ሁሉ አየ። የለችም። ብር ላወጣ እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት እማማ አዩኝ። «ለአንድ ሎሚ? ተው እንጂ!» አሉና «አንዷን መንገድ ይብላት» ብለው ነጠላቸውን ቋጠሩ።

እስከ ካዛንቺስ መታጠፊያ ሸኘናቸው። ሳይክሎቹን እየገፋን፣ ከኋላቸው። ከበዓታ ሠርክ ጸሎት መምጣታቸው ነው። ድሮ ቤታቸው ካዛንቺስ ነበር። አሁን ሩቅ ነው፣ በሁለት ታክሲ። ግን ጸሎቱን እዚያ ስለለመዱ ይመጣሉ፣ ሲመለሱም ታክሲውን ከአራት ኪሎ መያዝ ሲችሉ በእግራቸው እስከ ድሮው ፌርማታቸው ይወርዳሉ።

«እግሬ ነው የሚያመጣኝ» አሉ። «እኔማ እንዳይመጣ ብነግረውም አይሰማኝም።»

ጣና ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «ሁልጊዜ በዚህ ነው የምሄደው» ያሉኝ ገና አሁን ነው የገባኝ። ሥዕሉ ከመሳሉ በፊት እዚያ ነበሩ።

ቸርችልን መግፋት

የእኔ ሳይክል ካቴናው ወልቆ ነበር። ጣና እጁን ቅባት በቅባት አድርጎ መለሰው። ቢሆንም አልነዳሁም። ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ በስታዲየም ለገሃር፣ ሁሉንም እየገፋሁ። ቸርችል ላይማ ወትሮም ነው የምንገፋው። ያንን ዳገት ተቀምጦ የሚወጣ ካለ አሳዩኝ። ከለገሃር ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ ከላይ ሆኖ ያይሃል፤ ትሄዳለህ፣ ትሄዳለህ፣ አይቀርብም።

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ጋ ስንደርስ ቁጭ አልን። እጄ ማበጥ ጀምሯል። ጣና ውኃ ገዝቶ አፈሰሰበት። ከዚያ እስከዚያ ሰዓት ይዞት የቆየውን አወጣው።

«በጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው ለኮረዳ ነው» አለ። «አንተ በጥቅምት ለእማማ።»

ሳቅኩኝ። እጄ አመመኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ያ ነገር ተመልሶ መጣ።

ለጣና ያልነገርኩት አንድ ታሪክ ነበረኝ፤ እዚያ ነገርኩት። ከዓመታት በፊት ሜክሲኮ አካባቢ የእግረኛው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ ነበር። እኔ በአስፋልቱ ጠርዝ እሄዳለሁ። የሚኒባስ መስታወት ክርኔን መታኝ። ሾፌሩ አልቆመም፤ ዝግ ብቻ ብሎ አንገቱን አወጣና «መንገዱ የመኪና ነው! አታይም?» ብሎኝ ሄደ። ክርኔ በሳምንቱ ዳነ። ዓረፍተ ነገሩ አልዳነም። በስንት የቡና ወሬ ላይ አውርቼዋለሁ። «እስቲ አስቡት፣ እሱ ገጭቶኝ እኔን ይቆጣኛል!» እያልኩ። ሁሌም ሰሚው ከእኔ ጋር ይናደድልኛል።

እና ዛሬ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ነው ያልኩት። «መኪና»ን በ«ሳይክል» ቀይሬ። «እማማ» የምትለዋን ከፊት ለጥፌበታለሁ፣ ለጨዋነት።

ጣና ያጽናናኛል ብዬ ነበር። አላጽናናኝም። ወደ ሌላ በኩል ሄደ። «ቆይ፣ ግን እኮ መንገዱ የሳይክል ነው» አለ። «ሁሉም ከሄደበት የሳይክል መንገድ የሚባል ነገር አይኖርም። እኔ ስንት ዓመት ሰንሰለት አስሬ የተውኩት ለምን ነበር? ደግሞ ሰው ከለቀቀው ሞተር ይይዘዋል። አሁንም ይዞታል።»

ትክክል ነው። ዕቃ የሚያደርሱ ሞተሮች መኪናው ሲጨናነቅ በእኛ መንገድ ይመጣሉ፣ ያውም ፊት ለፊት። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ የሆነ ነገር ገታኝ።

«ሞተር ላይ ጮኼ አላውቅም» አልኩት።

ዝም አለ።

«አንተስ?»

«እኔም።»

ሞተር ሲመጣ ምን እንደማደርግ አስታወስኩ። ጠርዝ እይዛለሁ። እግሬን መሬት አስነክቼ አሳልፈዋለሁ። አንዳንዴ ራሱን ነቅንቆ ካመሰገነኝ ደስ ይለኛል። ደወሌን ነክቼ አላውቅም። ያ ከመርካቶ የገዛሁት ትልቅ ደወል እስከዚያ ቀን የጮኸው በሕፃናት፣ በፎቶ አንሺ፣ በቆሎ ሻጭና በአንዲት ነጠላ በለበሱ እናት ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ሕግ ማስከበር መስሎኝ የነበረው ነገር ሲመረመር ይህን ይመስላል። የሚያሳፍረው ደግሞ ሒሳቡን ሳልሠራ መሥራቴ ነው። ማን ላይ ልጩህ፣ ማንን ላሳልፍ ብዬ አስቤ አላውቅም። እጄ ያውቀዋል።

ጣና ተነሥቶ ሳይክሉን ያዘ። ቴዎድሮስ አደባባይ እስክንደርስ ብዙ አላወራንም። ዳገቱም አያስወራም። ከዚያ ትንፋሹ ሲመለስለት እንደ ልማዱ ወደ ሐይቁ ሄደ፤ ባህር ዳር ልጅ ሳለ አባቱ ደወል እንዴት እንዳስተማሩት። ከሩቅ ነው የሚመታው፣ አንዴ። ትርጉሙም «ዞር በል» አይደለም፣ «እዚህ ነኝ» ነው። አጠገብ ደርሶ መምታት ነውር ነው፤ ሰው ያስደነግጣል። ሰውየው ካልሰማ የምትዘገየው አንተ ነህ፣ ጎማ ያለህ አንተ ስለሆንክ።

«ይህን ለምን ድሮ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ደወል ስትገዛ ጠየቅከኝ?»

ከዚያ ወሬ ሊያስቀይረኝ ፈልጎ መሰለኝ የሳይክል ታሪክ ጀመረ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ሯጮች ብቻ እንዳልላከች፣ ብስክሌተኞችም እንደነበሩ፣ እነ ገረመው ደንቦባ፣ ከአበበ ቢቂላ የሮም ድል 4 ዓመት ቀድመው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን። «እኛ የሳይክል አገር ነን፣ ረስተነው ነው» አለ፤ እያለከለከ፣ ሳይክሉን እየገፋ፣ ቸርችል ላይ። እንደዚያ እያለከለከ ያለን ሰው ማመን ይከብዳል።

ፒያሳ ደርሰን ማኪያቶ ጠጣን። በግራ እጄ።

ሌላ ሐሙስ

ለሁለት ሳምንት አልነዳሁም። ሐኪሙ ያለው አንድ ሳምንት ነበር፤ ሁለተኛውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደወሉን ልፈታውና ልጥለው አስቤ ነበር። መፍቻ አንሥቼ ጀምሬም ነበር። ከዚያ ድራማ መስሎ ታየኝና ተውኩት። ደወሉ ምን አጠፋ?

ያለፈው ሐሙስ ወጣን። በዓታ መታጠፊያ ጋ ስደርስ ዘገየሁ፤ ነጠላ የለበሱ ሁሉ እሳቸው ይመስሉኛል። አልነበሩም። ፊታችን አንድ አባት ከልጁ ጋር ይሄዳል። ከሩቅ አንዴ መታሁ። ልጁ ዞሮ አየኝ፣ እጁን አውለበለበ። አባትየው የልጁን እጅ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን አለ። በቃ፣ ይኸው። ይህን ያህል ቀላል ነበር? ወደ ኋላ ዞሬ ጣናን አየሁት። ያላየ መሰለ።

ከዚያ ከታች መብራት መጣ። ሞተር ነው፤ በእኛ መንገድ፣ ሽቅብ፣ ፊት ለፊት። ከኋላው ትልቅ ሣጥን ጭኗል።

አውራ ጣቴ ደወሉ ላይ ነው። ልቤ መምታቱን ልደብቃችሁ አልችልም። ጠርዝ መያዝ ለምጄ መሪው በራሱ ወደዚያ ይሄዳል። ያዝኩት። ከሩቅ አንዴ መታሁ። «እዚህ ነኝ።»

ሞተሩ አልዘገየም። እኔም መሃል ላይ ቆምኩ፤ እግሬን አስነክቼ። እሱም ቆመ። ጎማ ለጎማ። የራስ ቁሩን መስታወት ከፍ አደረገ። ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ፊቱ በድካም አልቋል።

«ምነው?» አለ።

«ይሄኮ የሳይክል መንገድ ነው» አልኩት። ድምፄ ከደወሌ ያነሰ ነበር።

ልጁ ወደ ታች፣ የቆመበትን ሥዕል አየ። ከዚያ እኔን አየ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

መስታወቱን ዘጋ፣ በግራዬ በኩል አለፈ፣ ሄደ።

ከኋላዬ ጣና ሳቁን ለመያዝ ሲታገል ይሰማኛል። አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። እስኪበቃን ቆመን ሳቅን፤ ፎቶ የሚነሡት ልጆች ዞረው እስኪያዩን ድረስ። ከዚያ የኋላውን ፍሬን ቀስ አድርጌ ይዤ ቁልቁለቱን ጀመርኩ፣ ጠርዝ ጠርዙን እያየሁ።